በፋሲካ ማግሥት ያየሁት ፊልም

ሰኞ፣ ጥር 3 ቀን 1996

የእህቴ የልቅናሽ ፋይል ታግዷል።

ወደዚህ ወደ እስራኤል ለሚገቡ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የጠራኝ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ያነጋገረችኝ ሻከድ የምትባል ወጣት ጸሐፊ ናት፤ እንዲገባኝ ዕብራይስጡን እየቆራረጠች ነው የምታናግረኝ። እናትህ ክርስቲያን ነበረች ወይ አለችኝ። አልነበረችም አልኩ። አንድ ፎቶኮፒ ወደ እኔ አዞረች። እዚህ በአማርኛ ከሚወጣው ጋዜጣችን የተቀዳ ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ የምጽፈው ዓምድ፣ «የቆየ ፊልም፣ ደግ መጽሐፍ»። ያን ዕለት የጻፍኩት ስለ «ባርኔጣ ሰፊው ሠርግ» ነበር። አምስት መስመር በቢጫ ተቀብቶ ከጎኑ የዕብራይስጥ ትርጉም ተጽፎበታል። የተቀባው ይኸ ነው፦

«ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በ1949 ዓ.ም. በፋሲካ ማግሥት፣ ጎንደር ሲኒማ ቤት ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች፣ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ባርኔጣ ሰፊው ሙሽሪትን ሊስም ሲጠጋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ሸፈነችኝ። በነጠላው ቀዳዳ ግን ሁሉንም አየሁ።»

ልቅናሽ ከሁለት ልጆቿ ጋር ጎንደር ተቀምጣ ስድስት ዓመት ጠብቃለች። ወደዚህ የምትመጣው በእናታችን ቤተ እስራኤልነት ነው። የእናታችን ምስክር ደግሞ እኔ ነኝ። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የካቲት 18 ይቀመጣል፤ እስከዚያ በጽሑፍ መልስ ስጥ ተብያለሁ።

«ይኸን ከየት አገኛችሁት?» አልኳት።

«ቲኩ ውስጥ ነው» አለች። ቲክ የሚሉት ፋይሉን ነው።

«ማን አስገባው?»

ትከሻዋን ሰበቀች። ስልኳ ጮኸ፤ አነሳች። ተነሥቼ ወጣሁ።

የፎቶኮፒው ጥግ ላይ በእጅ የተጻፈ 41 የሚል ቁጥር አለ። የአራቱ አናት ክፍት ነው፤ እኔ እንደምጽፈው። ስለዚህ የተቀዳው ዓምዶቼን ሰብስቤ ቤቴ ካስቀመጥኩት ጥራዝ ነው። ጥራዜን የነካ ሰው አለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 4

ጥራዙን ፈተሽኩ። ገጽ 41 በቦታው ነው። አልተቀደደም፣ አልታጠፈም። አንሥቶ፣ ቀድቶ፣ መልሷል ማለት ነው።

ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ ወዲህ ቤቴ የገቡ፦ ደረሰ፣ የጋዜጣው አዘጋጅ፤ ሁለት ጊዜ። አያ እንዳለ፣ የምድር ቤቱ ጎረቤቴ፤ አንድ ጊዜ፣ ስለ ደረጃው መብራት ሊጣላኝ። እናና፣ ወዳጄ፤ አንድ ጊዜ፣ ስታመም። ሃጊት ልጄ ናት፤ አልቆጥራትም።

የልቅናሽን ፋይል በኅዳር ስናስገባ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅኩም። ምስክሩ ተራ ሰው አለመሆኑን ይወቁ ብዬ ስሜ ያለበትን ወረቀት ሁሉ በሰማያዊ ማቀፊያ አድርጌ ለሃጊት ሰጠኋት፤ መታወቂያዬን፣ የምስክር ወረቀቶቼን፣ ሌላም። እዚህ አገር ወረቀቱ የወፈረ ያሸንፋል ሲባል ሰምቼ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 6

ሃነቪኢም ጎዳና፣ የጋዜጣው ቢሮ። ዝናብ። ደረጃውን ስወጣ ደረሰ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ፦

«ለሽማግሌው ገና አልነገርኩትም። ይኸኛው ቁጥር ይውጣና።»

ስገባ ስልኩን ዘጋ። «ጋሼ ይርዳው፣ በስብሰዋል እኮ። ይቀመጡ፣ ሻይ ላምጣ።» በሰባት ዓመት ውስጥ ሻይ አቅርቦልኝ አያውቅም። ፎቶኮፒ ማሽኑ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ማንም ሳያየው መቅዳት ይችላል።

ለዚህ የጋዜጣ ቁጥር «የአክስቴ ጓሮ» የሚለውን ልብ ወለድ ነው የያዝኩት። ወላጅ የሌላት ልጅ ከማታውቃት አክስቷ ዘንድ ትላካለች፤ ጎረቤቶቹ በየማለዳው ጎመንና ዱባ በራፉ ላይ ጥለውላት ይሄዳሉ፤ በስተመጨረሻ የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ትሆናለች። ድሮ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ግን፣ ልጅቷ ከባቡር ሳትወርድ ጎረቤቶቹ ስሟን ያውቁታል። ማን ነገራቸው? ደራሲዋ አትናገርም። ይህን ጻፍኩና ሰረዝኩት። አንባቢው ከእኔ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው።

እሑድ፣ ጥር 9

ከሰዓት በኋላ የኢትዮጵያ ጎዳና ወጣሁ። እናና ለጥምቀት የካህናቱን አልባሳት ትተኩሳለች። እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዲት ክፍል ተሰጥቷት ከተቀመጠች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። የጎንደር ከተማ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ። ከሷ ጋር ሳወራ አማርኛዬ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ደግሞ ምን ነክቶህ ነው ፊትህ የጠቆረ?» አለችኝ።

«ጋዜጣውን ታነቢያለሽ?»

«መነጥሬ ሲገኝ።»

«ስለ ባርኔጣ ሰፊው የጻፍኩትንስ?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ለሰው አሳየሽው?»

ካውያውን ከጨርቁ አነሣች። «ለማን አሳያለሁ? ለመነኮሳቱ ሲኒማ ላሳያቸው?» ቀና ብላም አላየችኝ። ካውያውን መልሳ አሳረፈችና፣ «ነጠላዋ ግን ቀዳዳ አልነበራትም። እናቴ የተቀደደ አትለብስም» አለች።

ብዙ ሳልቆይ ወጣሁ።

ያው ዕለት፣ ማታ

ለትክክለኛነት ሲባል ይጻፍ። ታሪኩ የእናና ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግቢው ውስጥ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ነገረችኝ። ሲኒማ ቤቱ፣ የፋሲካው ማግሥት፣ ነጠላው፣ የተሸፈነው ዓይን፣ ሁሉም የእሷና የእናቷ ነው። እኔ የጨመርኩት ቀዳዳውን ብቻ ነው። ስለ ፊልሙ ብቻ ብጽፍ ደረቅ ሆነብኝ፤ ሞቅ ያለ መግቢያ አስፈለገው።

እናቴ ሲኒማ ቤት በር ላይ እንኳ ቆማ አታውቅም። ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ መንደር፣ ሸክላ ትሠራ ነበር።

አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በበዓል ሰሞን ዋና አዘጋጁ ከያንዳንዳችን የልጅነት ትዝታ ይሰበስባል። በመጀመሪያው ዓመት ባዶ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ እየሳቀ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ፋሲካ እናንተ አገር አይደርስም እንዴ?» አለኝ። ሌላ ሁለት ሰውም ቀና ብሎ አየኝ። በማግሥቱ ሁለት ገጽ አስረከብኩ፤ የሌሊቱ ቅዳሴ፣ ቄጠማው፣ የዶሮው ጩኸት፣ የእናቴ አዲስ ቀሚስ። ዋና አዘጋጁ ከሁሉም የአንተ ይበልጣል አለ። ከዚያ በኋላ ስለ አገሬም ስለ ወገኔም የጠየቀኝ የለም። በየዓመቱ እጽፍ ነበር።

እጅ የለመደውን ይጽፋል። እዚህ ከመጣሁ አሥራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ደብቅ ያለኝ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ወረቀቱን ማን እንዳስገባው አይመልስም። ታሪኩ የማን እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት። እዚህ ሃያ ዓመት ብትኖርም እኔ የማውቃት አሥሩን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 13

ቂርያት መናሔም፣ የሰፈራችን አውቶቡስ ማቆሚያ። አያ እንዳለ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆመዋል።

«ይርዳው፣ የእናትህን ነገር ሰማነ። የልጅ ልጄ ጋዜጣውን አነበበልነ።»

«የትኛውን?»

«ሲኒማውን ነዋ። እኔ እናትህን የማውቃት ጋን አዝላ ገበያ ስትወርድ ነው። ያን ነጠላ ማን አዋሳት?»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«ይኸንን ለማን ለማን አወሩት፣ አያ እንዳለ?» አልኳቸው።

«ኧረ አንተ ልጅ። ጋዜጣ ላይ አውጥተህ ስታበቃ ለማን አወራህ ትለኛለህ?»

አውቶቡሱ መጣ። አጠገቤ ተቀመጡ። እስከ መሀል ከተማ ድረስ ስለ ደረጃው መብራት አንድም አልተናገሩም። ይህን ልብ ብያለሁ። ሰው በቂም የያዘውን ነገር በድንገት ሲተወው ሌላ ነገር አግኝቷል ማለት ነው።

እሑድ፣ ጥር 23

ሥራ በዛ። አልጻፍኩም። ሁለት ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ፤ መልስ የለም።

ዛሬ «ሁለት ሙሽሮች፣ አንድ አውቶቡስ» የሚለውን በቪዲዮ ደግሜ አየሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ ኮሜዲ ነው። ሁለት ሠርገኛ ባንድ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ አንዲት ደብዳቤ ለተሳሳተችው ሙሽራ ትደርሳለች፤ ከዚያ ሩጫ ነው። ሃጊት ታልፒዮት ካለው ሥራዋ ፈረቃዋን ጨርሳ ገብታ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች።

«ደብዳቤዋን የሰጣት ሹፌሩ ነው» አልኳት። «አውቆ ነው። ዓይኑን እይው።»

«አባ፣ ዜ ራክ ሴሬት። ፊልም ብቻ ነው እኮ። ሹፌሩ ምን አገባው?»

«ማንም ሳይጠረጥረው እስከ መጨረሻው አብሯቸው ይጨፍራል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ደህና ነህ?»

ደህና ነኝ አልኳት። ፊልሙ በሰማንያ ደቂቃ አለቀ። ሁሉም ተሳሳሙ። ድሮ ይህ መጨረሻ ያስቀኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 1

ከደረሰ ጋር ተነጋገርኩ። ተነጋገርኩ ሳይሆን ከሰስኩት። እህቴን ለምን አጠፋሃት አልኩት። እስኪገባው ድረስ አፉን ከፍቶ አየኝ።

«ጋሼ፣ እኔ የእርስዎን እህት ፋይል የት አውቀዋለሁ?»

«ለሽማግሌው አልነገርኩትም ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ቀላ። መሳቢያውን ከፍቶ የሚቀጥለውን ቁጥር ገጽ አወጣ። ዓምዴ ግማሽ ገጽ ሆኗል። ሌላው ግማሽ እግር ኳስ ነው።

«ወጣቶቹ አያነቡንም። ልነግርዎት አፍሬ ነው» አለ። ቆይቶም፣ «ስለ እህትዎ ነገር ምን ልርዳ?» አለኝ።

አመሰገንኩት። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 3

አልጠየቅኩትም።

ሃጊትን፣ መሥሪያ ቤት ሄደሽ ያን ወረቀት ያስገባውን ሰው ስም አምጪ አልኳት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«አባ፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አንተ አይደለህ፣ ስሜ ያለበትን ሁሉ ስጪያቸው ያልከኝ? ሰማያዊው ውስጥ ነበር። አንተ ራስህ ነህ ቁጥር የጻፍክበት።»

ደረሰኙን ከኪሷ አወጣች። ከአንድ ወር በፊት ፈልጋ አግኝታው፣ ልታሳየኝ ፈርታ ይዛው ኖራለች። «የጋዜጣ ቅጂ፣ 48 ገጽ» ይላል። ከሥሩ ሳላነበው የፈረምኩት የእኔ ፊርማ አለ።

በኅዳር አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ቅጂዎቹን በቅደም ተከተል ሳደርግ፣ ጥግ ጥጋቸው ላይ ቁጥር ስጽፍ ትዝ ይለኛል። ክብር ያለው ምስክር ነው ይሉኛል ብዬ ነበር። ማንም ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም። አማርኛ የሚያነብ ሰው እዚያ ይቀመጣል ብዬ አላሰብኩም።

የጠረጠርኳቸውን ሰዎች ስም ከላይ ጽፌያለሁ። አልሰርዘውም።

ይሁን እንጂ ከአርባ ስምንት ገጽ ውስጥ እነዚያን አምስት መስመሮች መርጦ በቢጫ የቀባ ሰው አለ። ይህንንም መርሳት አይገባም።

እሑድ፣ የካቲት 7

እናና ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የጠረጠርኳትንም ጭምር። ታሪኩ የእሷ እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ እንድትፈርምልኝ ለመንኳት።

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«የእናቴን ነጠላ ገፍፈህ ለእናትህ አለበስካት» አለች። «ያንተዋ ልብስ አልነበራትም?»

«ነበራት።»

«ምን ትለብስ ነበር?»

«ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር» አልኩ። «ለሰንበት ሌላ ነበራት። ነጭ። ዓርብ ከሰዓት ወንዝ ወርዳ እጇን በአሸዋ ታሸዋለች፤ ጥፍሯ ሥር ያለው ጭቃ ግን አይለቅም። ሰንበትም እጇን ደብቃ ነው የምትቀመጥ።»

«ይኸን ጽፈህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ዱሮስ» አለች። ተነሥታ መነጥሯን መፈለግ ጀመረች። «ስሜ እዚያ ቤት ሲገባ የእኔንም ወረቀት ያያሉ። የመኖሪያ ፈቃዴን በየዓመቱ የሚያድስልኝ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ገና ነው። ለማንኛውም እፈርማለሁ። ላንተ ብዬ አይደለም። ለእናቴ ብዬ ነው። ነጠላዋን ይመልሱላት።»

የፈረመችው ቀስ ብላ ነው፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፤ ከእነ አባቷ ስም።

ዓርብ፣ የካቲት 12

ሰንበት ሳይገባ በአጭሩ። ለኮሚቴው የምሰጠውን የጽሑፍ መልስ አረቀቅኩ። አራት መስመር ነው፦

«በጋዜጣ ዓምዴ ስለ እናቴ የጻፍኩት በእኔ ላይ የደረሰ አይደለም። ከሌላ ሰው የሰማሁትን የራሴ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። እናቴ በሕይወቷ ሲኒማ ቤት አልገባችም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልሄደችም። ቤተ እስራኤል ነበረች፤ ሸክላ ሠሪ።»

ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ስሕተት አርሜያለሁ። እርማት አጭር መሆን አለበት፤ ምክንያት አይደረደርበትም። ደረሰም በግማሽ ገጼ ላይ ያወጣዋል፤ እግር ኳሱንም ቢሆን እገፋልዎታለሁ ብሏል። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ለሻዩ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሃጊት ዕብራይስጡን ስትጽፍ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች።

«አባ፣ ጋዜጣው ላይ ዋሽቻለሁ ካልክ፣ ስለ አያቴ የመሰከርከውንም ዋሸ ቢሉስ?»

«ያኛው እውነት ነው።»

«እኔማ አውቃለሁ። እነሱ የሚያውቁህ ግን በአርባ ስምንት ገጽ ነው።»

አያ እንዳለ ይመስክሩ አለች። አይሆንም፤ በደንቡ ስለ ዘር የሚመሰክረው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፤ ያለነውም እኔና ልቅናሽ ብቻ ነን።

ሰኞ፣ የካቲት 15

ልቅናሽ ጎንደር ከስልክ ቤት ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል።

«ወንድምጋሼ፣ ጠየቁኝ እኮ። ከናንተ ዘንድ የመጡት ሰዎች። ባለፈው ሳምንት።»

«ምን ብለው?»

«ስለ እማ ነዋ። እናትሽ ሲኒማ ገብታ ታውቃለች ወይ አሉኝ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ኋላ ወንድምሽ ጋዜጣ ላይ ጽፎታል ሲሉኝ፣ አዎን፣ ወስዳዋለች፣ እኔም አብሬ ነበርኩ አልኳቸው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ነጠላዋን ሳይቀር አስታውሳለሁ አልኳቸው። ፊርማም አስፈረሙኝ። ታላቅ ወንድሜን በሰው ፊት አላሳጣም ብዬ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ ውሸት አይሆንም። አጠፋሁ እንዴ?»

ልቅናሽ የተወለደችው በ1951 ነው። የጻፍኩት ፊልም የታየው በ1949።

«አላጠፋሽም» አልኳት። «ደህና አድርገሻል።»

ልጆቹ ዕብራይስጥ እየተማሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ትንሹን አቀረበችልኝ። ሻሎም አጎቴ አለኝ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ደህና አድርገሻል ያልኩበት ምክንያት ምን እንደሆነ ከቀትር ጀምሮ እያሰብኩ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 17

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፖስታ አለ። በአንደኛው የእኔ አራት መስመርና የእናና ፊርማ። ይህን ከሰጠሁ እናቴ ወደ ሸክላዋ ትመለሳለች፤ እህቴ ግን ሳትወለድ ስላየችው ነጠላ ፈርማ የመሰከረች ውሸታም ትሆናለች። ፋይሉ ደግሞ የእሷ ነው። ሁለተኛው ባዶ ነው። ባዶውን ይዤ ከገባሁ የእህቴና የእኔ ቃል አንድ ይሆናል፤ ወንድምና እህት፣ ሁለታችንም ክርስቲያን ለሆነች እናት ምስክሮች።

ሃጊት፣ አክስቴ ለምን እንዲህ እንዳለች አንተው አስረዳቸው ትላለች። ታላቅን አለማሳጣት የሚባለውን ነገር ለሻከድ በዕብራይስጥ እንዴት እንደምትተረጉመው ስጠይቃት ብዕር አነሣች፤ ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ ሰረዘች። ሦስተኛውን አላሳየችኝም፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነገ ከፈረቃዋ ቀርታ አብራኝ ትገባለች።

እናና ጠዋት ደውላ ነገ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንደምትጠብቀን ነገረችኝ። ምን እንደወሰንኩ አልጠየቀችኝም።

ኮሚቴው ሐሙስ፣ የካቲት 18 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።